የማላውቀው ሰው ብር አስገባልኝ፤ ሒሳቤ ታገደ

ጥያቄ፦ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ባንክ የሚሰጠው ዋጋ ያንሳል ብላ ሪያሉን እዚያው ላለ ሰውዬ ትሰጠዋለች፤ ብሩ እዚህ በእኔ ሒሳብ ይገባል። በቅርቡ ከተስማማንበት 300,000 ብር ውስጥ 180,000ው ብቻ በማላውቀው ሰው ስም ገባልኝ። በሳምንቱ ሒሳቤ ታገደ። ሰውዬው ደግሞ ቀሪውን ዛሬ ነገ እያለ ነው። እታሰራለሁ? ልክሰሰውስ እችላለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህትዎ የሰጡት ሪያል ኢትዮጵያ አልገባም። እዚያው ቀርቷል። ምናልባት ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ ተሽጧል። እርስዎ ጋ የደረሰው እዚህ ያለ የሌላ ሰው ብር ነው። ያ ሰው ግብር የሰወረ ነጋዴ ይሁን በስልክ ሰው ያጭበረበረ ሌባ፣ አያውቁም። የብዙዎች ሒሳብ የሚታገደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳብ ታገደ ማለት ግን ወንጀለኛ ተባሉ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ባንኩን ማን እንዳሳገደውና በየትኛው ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሆነ ይጠይቁ። ያለ ፈቃድ የውጭ ምንዛሪ መግዛትና መሸጥ ወንጀል ነው፤ «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 መሠረት ነፃ አያወጣም። ገንዘቡ የስርቆት ከሆነ ግን ስለዚያ የሚጠየቁት ማወቅዎ ወይም ማወቅ ይገባዎት እንደነበር ከተረጋገጠ ነው።

ፖሊስ ከጠራዎት ጠበቃ ይዘው ይሂዱ። ዝም የማለት መብት አለዎት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። «የዕቁብ ብር ነው በይ» የሚል መካሪ አይጠፋም። አይስሙት። የዕቁቡ ዳኛ ተጠርቶ የሚመሰክረውን ያስቡት እስቲ! ከዋናው ጉዳይ ይልቅ በውሸቱ የተያዘ ሰው አይቻለሁ።

ስለ ቀሪው 120,000 ብር፦ ውሉ የእህትዎና የሰውዬው ነው፤ ስለዚህ ከሳሽ መሆን ያለባቸው እሳቸው ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ደግሞ ሕገ ወጥ ነገር የተዋዋሉበት ውል ውጤት የለውም። ስለዚህ «በተስማማነው ምንዛሪ ይክፈለኝ» ብሎ መክሰስ አያዋጣም። የሰጡትን ሪያል ይመልስ ማለት፣ በአንቀጽ 1815 ተመርኩዞ፣ የተሻለ መንገድ ነው፤ ግን ክሱ ራሱ የእህትዎን ጥፋት ዳኛ ፊት ያስቀምጣል። ሰውዬው ከመጀመሪያው ሊከፍል ሳያስብ ከተቀበለ ነገሩ ማታለል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ይመለከተዋል። ሳዑዲም ውስጥ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማስተላለፍ ስለሚያስቀጣ፣ እህትዎ እዚያ ፖሊስ ጋ ከመሄዳቸው በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ለወደፊቱ በባንክ ይላኩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ባንኮች ምንዛሪውን በገበያ ዋጋ ስለሚወስኑ የዋጋ ልዩነቱ እንደ ድሮው እጥፍ አይደለም።

እስከዚያው ከሰውዬው ጋር የተጻጻፋችሁትን የዋትሳፕ መልእክት አታጥፉ፤ እህትዎም እንዳያጠፉ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።