አንድ ዲግሪ ተኩል ያን ያህል ያስፈራል?

ጥያቄ፦ ከንጋት እስከ ቀትር ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ሰውም እንስሳም ተክልም ይህን ችሎ ይኖራል። ታዲያ የምድር ሙቀት ከመቶ በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ አንድ ዲግሪ ተኩል ጨመረ ተብሎ ይህን ያህል መደናገጥ ለምን ያስፈልጋል? ፍጥረታትስ ከዚህ የባሰ ለውጥ አልፈው የመጡ አይደሉም ወይ? ቢሞቃቸው ወደ ቀዝቃዛው ስፍራ አይዛወሩም?

መልስ፦ ጠያቂያችን ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚኖረውን ጥርጣሬ በግልጽ ስላነሱልን እናመሰግናለን። የአንድ ቀን ሙቀት ፀሐይ ስትወጣ መጥቶ ስትጠልቅ የሚሄድ፣ የአንድ ስፍራ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ጋ ሲመሽ ሌላው ጋ ይነጋልና የምድርን አማካይ ሙቀት አይለውጠውም። ይህ አማካይ ከፍ አለ ማለት ግን ምድር ወደ ጠፈር የምትመልሰው ሙቀት ከፀሐይ ከምትቀበለው አንሶ፣ በየዓመቱ የሚጠራቀም ትርፍ ተገኘ ማለት ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል 280 ያህሉ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ፣ በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ገደማ ደርሰው ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። በዚህ ምክንያት ከሚጠራቀመው ሙቀት ከ90 በመቶ የሚበልጠውን የሚውጠው ውቅያኖስ ስለሆነ፣ በአየሩ ላይ የምንለካው ጭማሪ የትርፉ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው።

ለማነጻጸር ከሆነ ከቀንና ከሌሊት ይልቅ የበረዶውን ዘመን ማንሳት ይሻላል። ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ የሰሜን አሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ሰፊ ክፍል እጅግ ወፍራም በሆነ በረዶ ተሸፍኖ በነበረበት ጊዜ፣ የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን ዋዜማ ያነሰው ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ብቻ ነበር። ከዚያ ብርድ ለመውጣት ምድር 10,000 ዓመታት ያህል ፈጅቶባታል። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው አማካይ ከ1.5 ዲግሪ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። የረጅም ጊዜው አማካይ ገና እዚያ ባይደርስም፣ ፍጥነቱን ከበረዶው ዘመን ማብቂያ ጋር ያስተያየ ሰው «አንድ ዲግሪ ብቻ» ለማለት ይቸገራል።

በተጨማሪም ሙቀት ሙቀትን ይጠራል። አየሩ አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል፤ ተኑ ራሱም ሙቀት አማቂ ነው። በሰሜን ዋልታ አካባቢም የፀሐይን ብርሃን ይመልስ የነበረው ነጭ በረዶ ሲቀልጥ፣ ብርሃኑን የሚውጥ ጥቁር ባሕር ይተካዋል፤ አካባቢው ከተቀረው ዓለም ይልቅ በፍጥነት የሚሞቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ፍጥረታት እንምጣ። አንዳንዶቹ የሚኖሩት ከሙቀት ጣሪያቸው አጠገብ ነው። ኮራል የተባለው የባሕር እንስሳ ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው በሰውነቱ ውስጥ ከሚያስጠጋቸው ጥቃቅን አልጌዎች ሲሆን፣ ውሃው ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹን ያባርራል፤ ቀለሙንም አጥቶ ይነጣል። ኮራሎች የገነቡት የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ክምር ሪፍ ይባላል፤ የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 እንዲህ በጅምላ ነጥቷል። ክፉኛ የተጎዳ ሪፍ ለማገገም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ስለሚችል፣ አንዱ ቁስል ሳይድን ሌላው ይደርስበታል። የባሕር ኤሊ ደግሞ ፆታዋ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው፤ አሸዋው ከ29 ዲግሪ አካባቢ እያለፈ ሲሄድ ከሚፈለፈሉት የሚበዙት ሴቶች ይሆናሉ።

መዛወርን በተመለከተ ጠያቂያችን ልክ ናቸው፤ ብዙዎች እየተዛወሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ዝርያዎች በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 6.1 ኪሎ ሜትር ወደ ዋልታዎች እንደሚጠጉ አስልቷል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ፍጥነት አለመንቀሳቀሳቸው ነው። ቢራቢሮ ትበራለች፤ ዛፍ ግን የሚጓዘው በዘሩ ነው፣ ያም ዘር በቅሎ ለማፍራት ዓመታት ያስፈልጉታል። ወደ ተራራ የሚወጣውም ጫፉ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ቀድሞ ክፍት የነበረው መንገድ ደግሞ ዛሬ በእርሻ፣ በአውራ ጎዳናና በከተማ ተቆራርጧል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ግን የቦታ ሳይሆን የጊዜ መተላለፍ ነው። የአውሮፓን የብርድ ወራት በምዕራብ አፍሪካ የምታሳልፍ፣ ብርዱ ሲያልፍ ወደ አውሮፓ ተመልሳ የምትፈለፍል ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ጉዞዋን የምትጀምርበትን ጊዜ በዋነኛነት የሚነግራት የቀኑ ርዝመት ነው፤ የቀን ርዝመት ደግሞ በምድር መሞቅ አይለወጥም። በሌላ በኩል በአውሮፓ ደኖች ቅጠሉ የሚለመልመውና አባጨጓሬው የሚፈላው በሙቀት ስለሆነ ከድሮው ጊዜ ቀድሞ ይመጣል። ወፏ እንደ ወትሮዋ ደርሳ ጫጩቶቿን ስትፈለፍል ምግባቸው የሆነው የአባጨጓሬው ጊዜ አልፏል። በኔዘርላንድስ አባጨጓሬው እጅግ በቀደመባቸው ደኖች የዚህች ወፍ ቁጥር በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ያህል ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አስታውቀዋል። ወፏን የገደላት ሙቀቱ አይደለም፤ ደኑም አልተመነጠረም፤ እሷና ምግቧ በአንድ ቀጠሮ መገናኘት አቅቷቸው ነው።

«ፍጥረታት ከዚህ የባሰ አልፈዋል» የሚለው አነጋገር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ምስክሮቹ የተረፉት ብቻ መሆናቸውን አይናገርም። ከ252 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ምድር በእሳተ ገሞራ ጋዝ ክፉኛ ስትሞቅ አብዛኞቹ የባሕር ዝርያዎች ጠፍተዋል፤ ሕይወት ቀጥሏል፣ ደኖችና ሪፎች እንደገና እስኪቋቋሙ ግን ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካውና የመኪናው ጭስ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ቢቆም ሙቀቱም ይቆማል ወይ?

መልስ፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ፈጽሞ ቢቆም የአየሩ አማካይ ሙቀት መጨመሩን ያቆማል ተብሎ ይገመታል፤ ወደ ቀድሞው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት አይመለስም። የባሕሩ ጉዳይ ይለያል። ሙቀቱ ወደ ጥልቁ ውሃ የሚወርደው በዝግታ ስለሆነና ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ ግግር በረዶም ለሞቀው አየር ምላሽ የሚሰጠው አዝግሞ ስለሆነ፣ የባሕር ወለል ጭሱ ከቆመ በኋላም ለመቶዎች ዓመታት ከፍ ማለቱን ይቀጥላል።