አርብ ለሚውል ልደት፣ ጾመኛውም ልጁም አብረው የሚበሉት የቸኮሌት ኬክ

ውድ እኅታችን፣ የልጅዎ ልደት አርብ እንደሚውል፣ ከሚመጡት ሃያ ያህል የቤተሰብ አባላት መካከል አያቱና አክስቶቹ ጾመኞች እንደሆኑ፣ ልጆቹ ደግሞ የቸኮሌት ኬክ እንደሚጠብቁ ጽፈው «ሁለት ዓይነት ኬክ ልጋግር ወይስ አንዱን ልግዛ?» ብለው ጠይቀዋል። ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቱም ኬኮች በደንብ ከተነሡ በኋላ መሐላቸው እንደሰመጠና ኦቨንዎን መጠርጠር እንደጀመሩም ገልጸዋል። ለቤተሰቤ ግብዣ አዲስ አበባ ውስጥ ኬክ መጋገር ከጀመርሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ካየሁት ተነሥቼ ስመልስልዎ፣ ኦቨንዎ ጤነኛ ይመስለኛል፤ ሁለት ኬክ መጋገርም አያስፈልግዎትም።

እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነበር። ቨርጂንያ የምትኖረው እኅቴ ዘወትር የምትጋግረውን የቸኮሌት ኬክ ልክ በስልክ አስጽፋኝ፣ በ2006 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት እናቴ ቤት ለነበረን ግብዣ አንድም ነገር ሳልለውጥ ጋገርሁት። በኦቨኑ መስተዋት ስመለከተው ከመጋገሪያው ጠርዝ በላይ ተነሥቶ፣ ላዩ ተወጥሮ ያምር ነበር። ሃያ ደቂቃ ሲሆነው ግን መሐሉ ቀስ እያለ ወረደ፤ አውጥቼ ስቆርጠውም ጠርዙ ደርቆ መሐሉ እንደ ገንፎ ረጥቦ አገኘሁት። በጣም አዘንሁ፤ ጥፋቱም የእኔ መሰለኝ። እኅቴ በዚያው ሳምንት በዚያው ልክ ጋግራ የላከችልኝ ፎቶግራፍ ላይ ግን ኬኩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልዩነቱ የባለሙያነት አልነበረም፤ እርሷ የምትኖረው ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ቦታ ሲሆን እኔ የምኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ ነው።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው አየር የሚጫነው ነገር ስለሚያንስ ቶሎና ከልክ በላይ ያብጣል፤ ሊጡ በስሎ ሳይጠና አረፋዎቹ ይፈነዱና የቆመው ሁሉ ይወርዳል። በዚያ ላይ ውሃው ፈጥኖ ስለሚተን ስኳሩ በሊጡ ውስጥ ይበረታል፤ ስኳር የበረታበት ሊጥ ደግሞ ለመጽናት ይዘገያል። መፍትሔው ከዚህ ይወጣል፦ የሚያስነሣውን ነገር በሩብ ያህል መቀነስ፣ ስኳሩን ጥቂት መቀነስ፣ ውሃውን ጥቂት መጨመር፣ የኦቨኑንም ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ። ሐዋሳ ያሉ እኅቶች ከፍታቸው 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለውጡን በግማሽ ቢያደርጉት ይበቃቸዋል፤ ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ ግን ለባሕር ወለል የተጻፈውን ልክ ሳትለውጡ እንዳለ ተከተሉ።

አሁን ወደ ኬኩ ልምጣ። ለእርስዎ የምመክረው እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበትን፣ በዘይት፣ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ የሚሠራውን ነው። አሜሪካውያን እንቁላልና ቅቤ በጠፋባቸው በችግር ዘመን ይጋግሩት የነበረ አሠራር ነው፤ ለእኛ ግን ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴና ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያትም ሳይቀር ለሚመላለስበት ቤት የተሠራ ይመስላል። ይህን ኬክ «የጾም ነውና ይቅርታ» እያሉ እንዳያቀርቡት አደራ እላለሁ። በእኛ ቤት ለፍስክም የሚጋገረው እርሱ ነው፤ በቅቤ የሚሠራው በአዲስ አበባ ብርድ በማግስቱ ሲደርቅ ይህ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል።

ለአዲስ አበባ ከፍታ አስቀድሞ የተስተካከለ፣ ለሃያ ሰው የሚበቃው ልክ ይኸውልዎ፤ መጋገሪያው 23 በ33 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ይሁን። የፍርኖ ዱቄት 380 ግራም፣ ስኳር 350 ግራም፣ ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄት 60 ግራም፣ ቤኪንግ ሶዳ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ከፈሳሹ ደግሞ ዘይት 160 ሚሊ ሊትር፣ አቼቶ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ቫኒላ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ 530 ሚሊ ሊትር። ውሃውን ለመለካት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ወስደው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢጨምሩበት በቂ ነው። ዱቄቱን ግን በሚዛን ይለኩ፤ በብርጭቆ የተጠቀጠቀና በማንኪያ እየተነሰነሰ የተሞላ ዱቄት ክብደታቸው በጣም ይለያያል፤ ኬክ ደርቆ የሚወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ዘይቱ በብርድ የማይረጋ፣ ለምሳሌ የሱፍ ዘይት ይሁን። የሚረጋው ዘይት ኬኩን ሲቀዘቅዝ ያጠነክረዋል፤ የኑግ ዘይት ደግሞ ጠረኑ ከካካዎው በላይ ይጎላል።

ሊጡን ከመንካትዎ በፊት ኦቨኑን በ185 ዲግሪ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያሙቁት፤ ትሪውን ዘይት ቀብተው ዱቄት ይነስንሱበት። ይህን የምለው ሊጡ ከተዋሐደ በኋላ ስለማይጠብቅ ነው። ደረቁን ሁሉ አንድ ላይ በወንፊት ይንፉት፤ ሶዳው ጓል ሆኖ ከቀረ ያ ጓል ያረፈበት ቁራሽ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ካካዎም ጓል ይወዳል። ከዚያ ዘይቱን፣ ቫኒላውንና ውሃውን ጨምረው በእጅ መምቻ ያዋሕዱ፤ አቼቶውን ግን ለመጨረሻ ያቆዩት። አቼቶው ሲገባ ጥቁሩ ሊጥ ላይ ፈዘዝ ያሉ ክቦች ይታያሉ፤ ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ሲንሾካሾክም ይሰማሉ። ኬኩን የሚያስነሣው ያ አረፋ ነውና ሃያና ሠላሳ ጊዜ ያህል ብቻ አማስለው፣ ደረቅ ዱቄት አለመቅረቱን አይተው፣ ወዲያው ወደ ትሪው ገልብጠው ወደ ኦቨኑ ያስገቡት። ብዙ ማሸት ዱቄቱን እንደ ዳቦ ሊጥ ያጠነክረዋል። ሊጡ ቀጠን ብሎ ከእንጀራ ሊጥ ጥቂት ብቻ ወፈር ያለ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ዱቄት አይጨምሩበት።

በውሃው ፋንታ ቡና ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ቡና የካካዎውን ጣዕም ያወጣዋል እንጂ ኬኩን ቡና ቡና አያሰኘውም። ልጆች ስለሚበሉት ግን አቦሉን ተዉትና ከበረካው ሁለት ሲኒ ያህል ከአተላው አጥልለው፣ አቀዝቅዘው፣ የቀረውን በውሃ ይሙሉት። ቡናው ሄል ወይም ጤና አዳም የገባበት እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ።

ትሪው በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ አምስት ደቂቃዎች ሳያልፉ የኦቨኑን በር አይክፈቱ። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ መሐሉን በስቴኪኒ ወግተው እርጥብ ሊጥ ሳይሆን ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ከወጣ ያውጡት። ብዙዎቻችን ቤት ያሉት ትንንሽ ኦቨኖች ከሥር ስለሚበረቱ ከትሪው ሥር ሌላ ባዶ ትሪ መደረብ ኬኩን ከማረር ያድነዋል። መብራት በመሐል ቢጠፋ በሩን እንደዘጉ ይተዉት፤ የጋለ ኦቨን ሩብ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ስለሚይዝ፣ አብዛኛው ጊዜ ካለፈ በኋላ የጠፋ እንደሆነ ኬኩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ለላዩ የሚቀባውን ሲያስቡ ከሱቅ የሚገዛውን ቸኮሌት ጀርባውን ያንብቡ፤ ጥቁር የሚባለው እንኳ የወተት ዱቄት የሚገባበት አለ፤ አክስቶችዎም ይህን ሳያውቁ ቢበሉት ያዝናሉ። ቤት የሚሠራው ቀላል ነው፦ 100 ግራም ስኳር፣ 30 ግራም ካካዎ፣ ትንሽ ጨውና 80 ሚሊ ሊትር ውሃ በትንሽ ድስት አዋሕደው፣ በቀዝቃዛ እሳት እያማሰሉ ከፈላ በኋላ አራት ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ካወረዱት በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩበት። ማንኪያው ጀርባ ላይ ተለጥፎ በጣት ሲያሰምሩበት መሥመሩ ካልተዘጋ ደርሷል። የቀዘቀዘ ኬክ ላይ ለብ እንዳለ ያፍስሱት፤ በትኩስ ኬክ ላይ ከፈሰሰ ሁሉም ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ሐሙስ ማታ እንዲጋግሩት አጥብቄ እመክራለሁ። በትሪው እንዳለ ቀዝቅዞ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ያደረ ይህ ኬክ ከትኩሱ ይልቅ ጣዕሙ ይበረታል፤ ሲቆረጥም አይፈረፈርም። አርብ ጠዋት ላዩን ይቀቡት፤ በርዝመቱ ስድስት፣ በወርዱ አራት አድርገው ሲቆርጡት ሃያ አራት ቁራሽ ይወጣል፤ ቢላዋውን በሙቅ ውሃ እየነከሩ ካደረቁት ጠርዙ ንጹሕ ይሆናል። ሻማው የሚበራበትን ሰዓትም ያስቡበት፦ አያቱ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ ኬኩን ከ9 ሰዓት በኋላ ቢቆርጡት የልጅ ልጃቸውን ኬክ ከሁሉም ጋር አብረው ይቀምሳሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች እኛ ቤት እንዲህ እናደርግ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ የምትቀበለው እርሷ ነበረች።

የገዙት ካካዎ ቀለሙ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ከላይ ያለው ልክ እንዳለ ይሠራል። ወደ ጥቁር ያደላ ከሆነ ግን ኮምጣጣነቱ የተቀነሰለት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል አቼቶውን በአንድ የሻይ ማንኪያ ከፍ ያድርጉት። ከአርብ በፊት ትንሽ ሙከራ ማድረግ ከፈለጉ ሁሉንም በግማሽ ቀንሰው በ20 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ ለ30 ደቂቃ ያህል ይጋግሩት፤ መሐሉ እንደገና ከሰመጠ በስንት ዲግሪ እንደጋገሩትና በስንተኛው ደቂቃ እንደወረደ ይጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።