ለድሬዳዋ ሠራተኛ የምትልኩት ክፍያና የአሜሪካ ግብር

በአሜሪካ አነስተኛ ንግድ ከፍታችሁ የጭነት መኪና ስምሪቱን፣ የሂሳብ መዝገቡን ወይም የግራፊክስ ሥራውን በድሬዳዋ ሰፈሮች በሳቢያንና በከዚራ በሚኖሩ ወጣቶች የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ለዓመታት በዚያ አገር የሰው ሂሳብ ስይዝ ኖሬ ዛሬ ድሬዳዋ የምኖር እንደ መሆኔ፣ የወጣቱ ደመወዝና የእናታችሁ መጦሪያ በአንድ ሐዋላ ሲመጡ ስለማይ ይህን እጽፍላችኋለሁ። በሐዋላው ደረሰኝ ላይ የመላኪያው ምክንያት «የቤተሰብ ድጋፍ» ተብሎ ተመርጦ ሳለ ያው ገንዘብ የግል ንግድ ገቢና ወጪ በሚገለጽበት የአሜሪካ የግብር ቅጽ፣ በሼጁል ሲ፣ የንግድ ወጪ ሆኖ ቢቀርብ፣ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ። ለቤተሰብ የተላከ ገንዘብ ከግብር አይቀነስም፤ የሥራ ክፍያ ግን በውልና በደረሰኝ ከተደገፈ ይቀነሳል። ስለዚህ ደመወዙን ከንግዱ የባንክ ሂሳብ ለብቻው ላኩ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ በሚላክ ሐዋላ ላይ የ1 በመቶ ግብር ስለ ተጣለ፣ ከባንክ ሂሳብ መላኩ ይህንንም ያስቀርላችኋል።

ለአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ለአይአርኤስ፣ ዋናው ጥያቄ ሥራው የተሠራበት ቦታ ነው። የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ሰው ሥራውን በሙሉ ድሬዳዋ ተቀምጦ ከሠራ፣ ገቢው ከአሜሪካ የመነጨ ስለማይባል የተከፈለውን ለአይአርኤስ የሚያሳውቀው ቅጽ 1099 አይሞላለትም፤ ግብርም ተቀንሶ አይያዝበትም። ይህ የሚያስተማምነው ግን ሠራተኛው የውጭ አገር ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥበትን ቅጽ ደብሊው-8ቢኢኤን ሞልቶና ፈርሞ ሲሰጣችሁ ነው። ቅጹ ወደ አይአርኤስ አይላክም፤ እናንተ ዘንድ ይቀመጣል፤ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ባለው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይም ጊዜው ያልፍበታል፤ በ2026 የተፈረመው እስከ ዲሴምበር 31፣ 2029 ያገለግላል ማለት ነው።

ብዙዎቹ የሚሳሳቱት አድራሻው ላይ ነው። እዚህ አገር ፖስታ ሣጥን ቁጥር መጻፍ የተለመደ ቢሆንም፣ የቅጹ ቋሚ አድራሻ ፖስታ ሣጥንም ሆነ «በእገሌ በኩል» የሚል አድራሻ አይቀበልም። ሠራተኛው ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን ይጻፍ፤ ስሙንም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው ፊደል ያስፍር፤ የሐዋላው ደረሰኝ በሌላ አጻጻፍ ከወጣ የአንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ይሆናል።

ሁለት ሁኔታዎች ግን ነገሩን ይለውጡታል። አንደኛው፣ ሠራተኛችሁ ለጉብኝት ቨርጂንያ መጥቶ፣ የቪዛው ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሥራውን ከቀጠለ፣ የዚያ ጊዜ ክፍያ ከአሜሪካ የመነጨ ገቢ ይሆናል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ በመደበኛው ሕግ 30 በመቶ ቀንሳችሁ ታስገባላችሁ፤ ለውጭ አገር ሰው የተከፈለው በሚገለጽበት ቅጽ 1042-ኤስም እስከ ማርች 15 ታሳውቃላችሁ። ሳትቀንሱ ከቀራችሁ ዕዳው ወደ እናንተ ይዞራል። ሁለተኛው፣ ግሪን ካርዱን ሳይመልስ ድሬ ገብቶ የሚኖር ዘመድ ነው። ዓመታት ቢያልፉም በግብር ሕግ እንደ አሜሪካ ነዋሪ ስለሚቆጠር ደብሊው-8ቢኢኤን ሳይሆን የአሜሪካ ግብር ከፋዮች የሚሞሉትን ደብሊው-9 ይሞላል፤ ክፍያውም እስከ 2025 ባለው ሕግ 600 ዶላር፣ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ 2,000 ዶላር ከደረሰ በቅጽ 1099-ኤንኢሲ ይገለጻል። «የካርዴ ጊዜ ካለፈ ቆየ» የሚለው የዘመድ መልስ ማስረጃ አይሆንም።

እግረ መንገዴን፣ ድሬዳዋ ደቻቱ ያሉትን እናታችሁን ጥገኛ አድርገው የሚያስመዘግቡላችሁን ግብር አዘጋጆች አትመኑ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆኑ፣ ኑሯቸውም ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ካልሆነ፣ የቱንም ያህል ብትጦሯቸው በጥገኝነት አይያዙም።

ሠራተኛውም «አሜሪካ ግብር ካልቆረጠብኝ ነጻ ነኝ» እንዳይል ንገሩት፤ በኢትዮጵያ ሕግ ገቢውን የማሳወቅ ግዴታ የራሱ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ያውጣ፤ በደብሊው-8ቢኢኤኑ ላይ የአገሩ መለያ ቁጥር የሚሰፍርበት መስመር ስላለ፣ ቁጥሩን ይዞ ቅጹን ቢሞላ በኋላ ሌላ ቅጽ ከመፈረም ይድናል።