አንጋፋው ተዋናይ «ካደ» ወይስ «ካዱ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። አዳዲስ የአማርኛ ፊልሞችን እየተመለከትኩ አስተያየት እጽፋለሁ። በቅርቡ ስለ አንድ አንጋፋ ተዋናይ «የተበደሩትን ገንዘብ ክደው ልጃቸውን አስለቀሱ» ብዬ ብጽፍ፣ ጓደኛዬ «የሰው ስም አጠፋህ» አለኝ። «ክዶ አስለቀሰ» ብል ደግሞ ታላቅን መድፈር መሰለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። ገንዘቡን የካደው ገጸ ባሕርዩ እንጂ ተዋናዩ አይደሉም። አንቱታ የሚገባው ለተዋናዩ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ በታሪኩ ውስጥ ባለው ቦታ ይጠራ። «አንጋፋው ተዋናይ የሚጫወቱት አባት የተበደረውን ክዶ ልጁን ያስለቅሳል» ቢሉ የማንም ስም አይጠፋም። «የሚጫወቱት» ለእሳቸው፣ «ክዶ» ለአባትየው ነው።

እንዲያውም ይህ ልዩነት ለሐያሲ ትልቅ ሀብት ነው። «ፍርድ ቤት ሲቀርብ እጁ ይንቀጠቀጣል» ካሉ ስለ ታሪኩ እየነገሩን ነው። «እጃቸው ይንቀጠቀጣል» ካሉ ግን ስለ ትወናው እያወሩ ነው፤ ምናልባትም ካሜራ ፊት ተጨንቀዋል ማለትዎ ነው። እጁ የማን እንደሆነ የምታሳይ አንዲት አገናዛቢ ቅጥያ ሐተታውን ከትረካው ትለያለች። በአንድ አንቀጽ ውስጥ «እጁ» ብለው ጀምረው «እጃቸው» ብለው ከጨረሱ ግን አንባቢ የሚይዘው ያጣል፤ በፊልም አስተያየቶች ላይ ደጋግሜ የማየውም ይህንኑ ነው።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንድ ወጣት አባ ጅፋርን ሆኖ ቢጫወት «ተዋናዩ ድምፁን ሲያለሳልስ ንጉሡ የተቆጡ አይመስሉም» ብለው ይጻፉ። እዚህ ነጠላው ለወጣቱ፣ አንቱታው ለንጉሡ ሆነ።

ነጠላውን እንደ ንቀት አይቁጠሩት። እግዚአብሔርንም አላህንም «አንተ» ነው የምንለው። የስፖርት ዜናም ስመ ጥሩውን አትሌት «አሸነፈ» እንጂ «አሸነፉ» አይለውም። ደግሞም አንቱታ ወቀሳን አይከለክልም። «ይህ ሚና አልሆነላቸውም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ካመኑበትም ይጻፉት።

አንድ ችግር ይቀራል። «ካዱ» የአክብሮትም የብዙም ነው። አፋን ኦሮሞ የሚናገር የጅማ ሰው ይህን ከ«ኢሳን» ያውቀዋል፤ «እነሱ»ም «እሳቸው»ም ይሆናል። አማርኛ ተውላጠ ስሙን ቢለይም ግሡን አይለይም። ስለዚህ ሁለት አንጋፋ ተዋንያን በአንድ ትዕይንት ከተገናኙ ግሡን ብቻውን አይተዉት፤ «አባትየው»፣ «ዳኛው» እያሉ ባለቤቱን ይጥሩ። ተዋናዩም ገጸ ባሕርዩም ወጣት ሲሆኑ ቅጥያው አይረዳዎትም፤ ያን ጊዜ «ተዋናዩ» የሚለውን ቃል መደጋገም ቢሰለችም ይደጋግሙት።