ርስት ላልደረሳት ታናሽ

ልጄ፣ «ቤቱም ሱቁም ለታላቅ ወንድሜ ሆነ፤ እኔ ልሰደድ ወይስ ልቆይ?» ብለሽ የጻፍሽልኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ ውልና ስለ ደላላ አልመክርሽም፤ እሱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የነካብኝ የቆየ ቁጭት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ሉዚኛን በሚባል የፈረንሳይ መኳንንት ቤት ላይ ልሠራ አስቤ፣ ለዚሁ ብዬ ፈረንሳይኛ በማታ ተምሬ ነበር። አማካሪዬ ርእሱን አዩና መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼ ማንን ይጠቅማል? ማንስ ይቀጥርሃል?» አሉኝ። ስለ ቡና ግብር ጻፍኩ፤ ተቀጠርኩም። ልጆች አሳደግኩበት፣ አላማርርም። መጽሐፍ መደብር ስገባ ግን ዛሬም ዓይኔ የሚፈልገው እነዚያን ሰዎች ነው።

መነሻቸው በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ፑአቱ ውስጥ ያለ አንድ ግንብ ነው። ግንቡ የታላቅየው ነውና ለታናናሾቹ የሚተርፍ አልነበረም። ከእነሱ አንዱ ኤመሪ ባሕር ተሻግሮ የመስቀል ጦረኞች ባቋቋሙት በኢየሩሳሌም መንግሥት የጦር አዛዥ ሆነ። የኤመሪ ታናሽ ጊ ደግሞ እዚያው ሄዶ በ1180 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የንጉሡን እኅት ሲቢላን አገባ፤ በ1186 ነገሠ። በዓመቱ ሠራዊቱን በሐምሌ ሐሩር ውሃ ወደሌለበት ነድቶ ሐጢን ላይ በሙስሊሞቹ ሱልጣን በሳላዲን ተማረከ። ሦስት ወር ሳይሞላ ኢየሩሳሌም ሄደች።

አበቃለት ትያለሽ። የእንግሊዙ ሪቻርድ በ1191 ቆጵሮስን ይዞ ቴምፕላር ለሚባሉት መነኮሳት ወታደሮች ሸጣት። እነሱ ሕዝቡ ቢነሣባቸው ተዉአትና በ1192 ጊ ተረከባት። መንግሥቱን ያጣ ሰው ደሴት አገኘ! መሬቱን ግን ለመጣው ሁሉ ሲያድል ለራሱ የቀረው ጥቂት ነበር። በ1194 ሲሞት ኤመሪ ተተካ፤ ከታደለው መሬት ከፊሉን አስመልሶ የመንግሥቱን ገቢ አቃና፣ በ1197 ዘውድ ጫነ። ያ መንግሥት ቬኒስ እስክትወስደው፣ እስከ 1489 ድረስ ቆየ። እናንተ የዛሬ ልጆች የምትወዱት ጊን ነው፤ ፎቶ የሚነሣ ነገር ያለው እሱ ጋ ነዋ። ገቢና ወጪ ሲያስተካክል የከረመውን ኤመሪን ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ ሂጂ ማለቴ ነው። ግን ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ ግንቡን የያዘው ሁግ አለ። እጮኛውን ኢዛቤላን የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በ1200 ቢያገባበት፣ ቤተሰቡ፣ ጆን በፈረንሳይ ለያዘው ርስት ጌታው ለሆነው ለፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊጶስ አቤት አለ። ጆን ችሎት አልቀርብም አለ። ፊሊጶስም በ1202 ርስቱ እንዲወረስ ፈረደ፤ በ1204 ኖርማንዲን ወሰደ። አገር ቤት የነበሩ ሰዎች ያቀረቡት ክስ ነው ለዚህ ሁሉ በር የከፈተው። ኢዛቤላ ደግሞ ጆን ሲሞት ተመልሳ የቀድሞ እጮኛዋን ልጅ አገባች፤ ለእናትሽ ንገሪያትና ትሳቅ። ስለዚህ ቆዪ ብልሽም አልዋሸሁም።

ወዴት እንደምትሄጂ አልጻፍሽልኝም። ቆጵሮስ ከሆነ፣ ኒቆስያ ሰሜኑ ክፍል ሰሊሚዬ የሚባል መስጊድ አለ፤ የቆጵሮስ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑበት ካቴድራል የነበረው ነው። ግቢና ምሰሶዎቹን እይልኝ።