መልስ፦ አባቴ ከስትሮክ በኋላ መናገር አቅቷቸው መዝሙር እንዴት ይዘምራሉ? በዜማስ ንግግራቸው ይመለሳል?

እህቴ፣ «ውሃ» ማለት ያቃተው ሰው መዝሙሩን ከነግጥሙ መዝለቁ የቆየ ትዝብት ነው፤ ስዊድናዊው ጸሐፊ ኦሎፍ ዳሊን እ.ኤ.አ. በ1745 ጽፎታል። ንግግርን በብዛት የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፤ ዜማ ግን በቀኙም ያልፋል። በዚህ ሐሳብ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ቦስተን ላይ ሜሎዲክ ኢንቶኔሽን ቴራፒ የሚባል፣ ንግግርን በዜማ የሚያለማምድ ሕክምና ወጣ።

መዝሙሩን ብቻ ማዘመር ግን ንግግር አይመልስም። ዕለት ዕለት የሚፈልጉትን አጭር ሐረግ ምረጪ፦ «ውሃ ስጪኝ»። ፊት ለፊት ተቀምጠሽ፣ በሁለት ድምፅ ብቻ፣ ከፍና ዝቅ እያደረግሽ፣ ጎተት አድርገሽ አዚሚው። ግራ እጃቸውን ይዘሽ በየቀለሙ ጠረጴዛውን አንዴ መታ አድርጊ፦ ው፣ ሃ፣ ስ፣ ጪኝ፤ አራት ምት። መጀመሪያ አንቺ ብቻ፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ ከዚያ መሃል ላይ ድምፅሽን አጥፍተሽ እሳቸው ይጨርሱት። ሲለምዱት «ምን ልስጥዎት?» ብለሽ ጠይቂና ዜማውን ቀስ በቀስ ወደ ተራ ንግግር አውርጂው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የታወቀ ዜማ ሲጠቀሙ ነው፤ አፍ ወደ ለመደው ግጥም ይሸሻል። መጣደፍም ያበላሻል።

የሚጠቅመው በደንብ እየሰሙና እየተረዱ ቃል ለማውጣት ለሚታገሉ ነው። ቃሉ እየፈሰሰ ትርጉም ለሌለው ንግግር ብዙም አይሆንም። ለውጡም በብዛት የሚታየው በተለማመዷቸው ሐረጎች ላይ ስለሆነ ምርጫሽ ላይ አስቢበት። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኘሽ ደግሞ መጀመሪያ ይያቸው።