የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአምስት ደቂቃ ዘፈን በሦስት ደቂቃ

ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር በየዓመቱ በአውሮፓ ስለሚካሄደው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ጥያቄዎች ደርሰውናል። መልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አውስትራሊያ እንኳ ትወዳደራለች፤ ኢትዮጵያ ምን ይዟት ቀረች? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድድሩ በአገሮች ስም ይጠራ እንጂ ዘፋኝ የሚልከው መንግሥት ሳይሆን የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ጣቢያው የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አባል መሆን አለበት፤ አባልነት ደግሞ በአውሮፓ የስርጭት ክልል ወይም በአውሮፓ ምክር ቤት አባል አገሮች ላሉ ጣቢያዎች ነው። የክልሉ ደቡባዊ ወሰን 30 ዲግሪ ሰሜን ነው፤ ድሬዳዋ 9 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ነች። ሞሮኮ ክልሉ ውስጥ ስለምትገባ በ1980 ሳሚራ ቤንሰዒድን ልካ ከ19 አገሮች 18ኛ ወጣች። ያገኘችው 7 ነጥብ ነው፤ ሁሉንም የሰጠቻት ጣሊያን ነች። ከዚያ ወዲያ ዝር አላለችም፤ ሌላ የአፍሪካ አገርም አልተወዳደረም። አውስትራሊያ በ2015 የገባችው በግብዣ ነው። ለእኛም ያለው በር ይኸው ግብዣ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚመጣው ለጣቢያ ነው።

ጥያቄ፦ አቦ እኛ አራት ልጆች ነን፤ ክራር፣ ኪቦርድ፣ ከበሮና ድምፃዊ። በጣሊያን የተከበበችው ትንሿ አገር ሳን ማሪኖ ለዩሮቪዥን ተወካይዋን የምትመርጥበት ማጣሪያ ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ነው ሲባል ሰምተን ልንሞክር ነው። ዘፈናችን 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። እንዴት እናሳጥረው? ክራሩስ በቀጥታ ይሰማል? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የሰማችሁት ልክ ነው። የዩሮቪዥን ደንብ የዘፋኙን ዜግነት አይጠይቅም፤ ካናዳዊቷ ሴሊን ዲዮን በ1988 ያሸነፈችው ለስዊዘርላንድ ዘፍና ነው። ዕድሜ ግን ከ16 ዓመት ማነስ የለበትም። መድረክ ላይ የሚፈቀደው እስከ 6 ሰው ስለሆነ አራታችሁ ሁለት ተወዛዋዥ ብትጨምሩ ይበቃችኋል።

ከሁሉ በፊት፦ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ጭናችሁታል? ከውድድሩ በፊት ካለው ሴፕቴምበር 1 (ነሐሴ 26) ቀድሞ ለገበያ የወጣ ዘፈን አይፈቀድም። ከዚያ ቀን በፊት የተጫነ ከሆነ እሱን ትታችሁ ሌላ አዘጋጁ።

ወደ ርዝመቱ እንምጣ። ጣሪያው 3 ደቂቃ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው በ4/4 ዘፈን አንድ ባር (አራት ምት) 2 ሰከንድ ስለሚፈጅ ያላችሁ 90 ባር ብቻ ነው። እንዲህ ደልድሉት፦ መግቢያ 4፣ የመጀመሪያው ግጥም 16፣ አዝማች 16፣ ሁለተኛው ግጥም 8፣ አዝማች 16፣ የዜማ መሸጋገሪያ 8፣ የመጨረሻው አዝማች 16፣ መዝጊያ 4። ድምሩ 88 ባር፣ 176 ሰከንድ ይሆናል። የኛ ሰው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ረጅሙ የመሣሪያ መግቢያና በየግጥሙ መሀል የሚገባው የኪቦርድ ምላሽ ነው፤ መቀሱን እዚያ ላይ አሳርፉት። ዘፈኑ ዘገም ያለ፣ በደቂቃ 70 ምት ገደማ ከሆነ የሚኖራችሁ 52 ባር ነው፤ ሁለተኛውን ግጥም ሙሉ ለሙሉ አውጥታችሁ አዝማቹንም ከማሳጠር ሌላ አማራጭ የለም። ምቱን በማፍጠን ለማትረፍ አትሞክሩ፤ ትዝታ ሲቻኮል ትዝታነቱ ይቀራል። መጨረሻውንም ድምፅ እያነሰ በሚሄድ ፌድ አትዝጉት፤ መድረክ ላይ ተመልካች የሚያጨበጭብበት ቁርጥ ያለ ምት ይፈልጋል።

ክራሩ አይሰማም። ከ1999 ወዲህ ኦርኬስትራ ቀርቷል፤ የመሣሪያው ድምፅ ሁሉ አስቀድሞ ከተቀዳ ትራክ ነው የሚመጣው። ክራር ይዛችሁ ብትቆሙም ለዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ ክራሩ ያለው ዕድል ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የድሬ ሙቀት ቅኝቱን ስለሚያዛባው በየቅጂው መሀል ከኪቦርዱ ጋር መልሳችሁ ቃኙት፤ ትራክ ላይ የተቀዳ ስህተት በመድረክ አይታረምም።

የመሪው ዘፋኝ ድምፅ ግን በቀጥታ መሆን አለበት፤ ትራኩ ላይ መኖሩ አይፈቀድም። የተቀባዮች ድምፅ ከ2021 ጀምሮ መቀዳት ይችላል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ቤት ውስጥ ከበሮ መቺው ዘፋኙን ይጠብቀዋል፤ ትራክ ግን ማንንም አይጠብቅም። ድምፃዊው በጆሮ ማዳመጫ የምት መቁጠሪያውን እየሰማ ይለማመድ፤ ቅላጼ ሲያበዛና ቃል ሲጎትት ዘግይቶ እንደሚገባ ራሱ ይሰማዋል። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮ መንቀልም ክፉ ልማድ ነው፦ 30 ሜትር ርቆ ካለ ስፒከር የሚመጣው ድምፅ በ0.09 ሰከንድ ግድም ስለሚዘገይ ዘፋኙ እሱን ተከትሎ ይጎተታል። ትንፋሹንም እስክስታ እየወረደ እየዘፈነ ይፈትሽ፤ ቆሞ የሚወጣ ከፍተኛ ድምፅ ትከሻ ሲነቃነቅ ላይወጣ ይችላል።

የጉዞው ነገር፦ ሳን ማሪኖ የመደበኛ መንገደኛ በረራ የሚያርፍበት አየር ማረፊያ የላትም፤ የሚገባው በጣሊያን በኩል ስለሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ከመክፈላችሁ በፊት የዚያን ዓመት ደንብ አንብቡ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የተዘፈነ ዘፈን ቀርቦ ያውቃል? (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ሊቀርብ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ ለ2020 የእስራኤል ተወካይ ስትሆን ርዕሱ ራሱ አማርኛ የሆነ፣ በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥና በዐረብኛ የተቀየጠ ዘፈን ይዛ ነበር። ውድድሩ በኮቪድ ተሰረዘ። የ2020 ዘፈኖች በቀጣዩ ዓመት እንዳይቀርቡ ስለተወሰነ በ2021 ሮተርዳም የሄደችው በሌላ ዘፈን ነው፤ ለፍጻሜ አልፋ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። የፊተኛው ይሻል ነበር እንላለን።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሆኖ ማየትና ድምፅ መስጠት ይቻላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ይቻላል። ማጣሪያዎቹ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ፍጻሜው ቅዳሜ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይውላሉ። በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል፤ ፍጻሜው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ይሄዳል። በውድድሩ የዩቲዩብ ቻናል በ480 ጥራት ለማየት ከ2 ጊጋባይት በላይ ያዙ። ድምፅ መስጠት ከ2023 ጀምሮ ለተቀረው ዓለም በኢንተርኔት ተፈቅዷል፤ ነገር ግን የሁላችንም ድምፅ ተጠቃሎ እንደ አንድ አገር ነው የሚቆጠረው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መክፈል በሚችል ካርድ ነው፤ ለአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ የኤቲኤም ካርድ አያገለግልም።